«ሃይድሮጅንን ያስወደደው ፕላቲነሙ ነው» እና ሌሎች ስለ ኤሌክትሮድ የሚወሩ ስህተቶች

ውሃን በኤሌክትሪክ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ስለመነጣጠል ወሬ በተነሳ ቁጥር «ችግሩ ፕላቲነሙ ነው፤ ርካሽ ኤሌክትሮድ ቢገኝ ነገሩ ያልቅ ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም። የዜናው ርዕስም፣ የመመረቂያ ጽሑፉ መግቢያም፣ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻውም በዚሁ ዓረፍተ ነገር ይከፈታል። ከእሱ እንጀምርና ትንንሾቹ በኋላ ይደርሳሉ።

«ፕላቲነም ከሌለ ሃይድሮጅን የለም»

በኢንዱስትሪ የሚታወቁት ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው አሲዳማ ሜምብሬን ይጠቀማል፤ እዚያ እውነትም ካቶዱ (ሃይድሮጅን የሚወጣበት ኤሌክትሮድ) ፕላቲነም፣ አኖዱ (ኦክስጅን የሚወጣበት) ኢሪዲየም ይፈልጋል። ግን እዚያም ቢሆን ራስ ምታቱ ኢሪዲየሙ ነው፤ የዓለም ዓመታዊ ምርቱ አስር ቶን አይሞላም፣ አብዛኛውም የሚወጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው። ሁለተኛው አልካላይን የሚባለው ነው፦ ከ25 እስከ 30 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት፣ ኤሌክትሮዱ ኒኬል ወይም በኒኬል የተለበጠ ብረት። እዚህ ውስጥ የግድ የሚያስፈልግ ፕላቲነም የለም። ኖርዌይ በፏፏቴ ኃይል፣ ግብፅም አስዋን ላይ በዚሁ በዓባይ ውሃ ኃይል ለማዳበሪያ የሚሆን ሃይድሮጅን ያመረቱት በዚህ ዘዴ ነው። «ፕላቲነምን የሚተካ ርካሽ ብረት ተገኘ» የሚለው ዜና ለአልካላይን ሰው ቢያንስ የአያቱ ዘመን ወሬ ነው።

ታዲያ ምኑ ነው የሚወደደው? ሒሳቡ አጭር ነው። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ለማውጣት 26,600 አምፔር ሰዓት ገደማ ማለፍ አለበት። ይህን ቁጥር የሚቀንስ ካታሊስት (ኤሌክትሮዱ ላይ ሆኖ ኬሚካዊ ሂደቱን የሚያቀል ነገር) አልተፈጠረም፣ አይፈጠርምም። ካታሊስት የሚነካው ቮልቱን ነው። ሴሉ በ2.0 ቮልት ከሠራ ለአንድ ኪሎ 53 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በ1.8 ቮልት ከሠራ 48። እያንዳንዷ 0.1 ቮልት 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ናት። ከታች ወለል አለው፦ ከውጭ ሙቀት ሳይጨመርለት ለመሥራት 1.48 ቮልት፣ ማለትም 39.4 ኪሎዋት ሰዓት። ሙቀት ከሌላ ቦታ ቢሰጠው እንኳ በ25 ዲግሪ ከ1.23 ቮልት በታች ውሃ አይነጣጠልም። የካታሊስት ሥራ ከዚያ ወለል በላይ ያለውን ትርፍ፣ ኦቨርፖቴንሽያል የሚባለውን፣ መቀነስ ብቻ ነው።

ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ኤሌክትሮዱ በስንት ተገዛ?» አይደለም። «ስንት ቮልት ይበላል? ለስንት ዓመትስ?» ነው። በነጻ የተገኘ ቆርቆሮ 0.2 ቮልት ተጨማሪ ከበላ፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ላይ 5.3 ኪሎዋት ሰዓት እያስከፈለ ይኖራል። የኤሌክትሮዱ ዋጋ አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ የመብራቱ ሒሳብ በየወሩ ይመጣል።

«በ10 ሚሊአምፔር ከፕላቲነም በልጧል»

ይኼኛው የተማሩት ስህተት ነው፤ ስለዚህ የበለጠ ያናድዳል።

በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 10 ሚሊአምፔር የሚለው መለኪያ የመጣው ከፀሐይ ብርሃን በቀጥታ ውሃ ከሚነጣጥሉ መሣሪያዎች ነው። የአልካላይን ፋብሪካ የሚሠራው ከ200 እስከ 400 ሚሊአምፔር ላይ ነው፤ የሜምብሬኑ ከ1 እስከ 2 አምፔር። በዚያ ከረንት አረፋው ገጹን ይሸፍናል፣ የለበጠው ካታሊስት ይላላጣል፣ በ10 ላይ ያማረው ግራፍ ይወላገዳል። ደግሞ የሚጻፈው ቮልት የሽቦውና የውሃው ሬዚስታንስ በሒሳብ ከተቀነሰ በኋላ ያለው ነው። ፋብሪካ ሬዚስታንሱን በሒሳብ አይሰርዝም፤ ይከፍለዋል።

ከዚህ የባሰ አለ። ለካቶድ የሚሆን «ከፕላቲነም ነጻ» ካታሊስት እየፈተኑ ከማዶ የሚያስቀምጡት ኤሌክትሮድ የፕላቲነም ሽቦ ነው! ያ ሽቦ አኖድ ሆኖ ሲሠራ ቀስ በቀስ ይሟሟል፤ የሟሟው ተጉዞ የሚፈተነው ካቶድ ላይ ይቀመጣል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ናሙናው በሺህ ዙር ሙከራ ውስጥ ከመዳከም ይልቅ እየተሻሻለ ይሄዳል። «ራሱን የሚያነቃ ካታሊስት» ተብሎ ሲጻፍ ዝም ብሎ ማንበብ ይከብዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከማዶ የግራፋይት ዘንግ አስቀምጡ፣ ከተቻለም በሜምብሬን የተለየ ክፍል ውስጥ።

በአኖዱ በኩል ደግሞ እንደዚያ ሽቦ ውጤቱን በድብቅ የሚያሳምረው ብረት (አይረን) ነው። ንጹህ ኒኬል ሃይድሮክሳይድ ኦክስጅን ለማውጣት ደካማ ነው። ኮሪጋን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ጥቂት የብረት ቆሻሻ ሥራውን እንደሚቀይረው አሳየ፤ የቦቸር ቡድንም በ2014 ከፖታሲየም ሃይድሮክሳይዱ ውስጥ ብረቱ ሲወጣ የኒኬሉ ብቃት አብሮ እንደሚወድቅ አረጋገጠ። የገበያው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ብረት አለው። ኒኬል ላይ ሌላ ሦስተኛ ብረታ ብረት ጨምሮ «በእሱ ምክንያት ተሻሻለ» የሚል ሰው መጀመሪያ ፈሳሹን ያጥራ። አጣሩም ውድ አይደለም፦ ከንጹህ ጨው የተሠራ የኒኬል ሃይድሮክሳይድ ዱቄት ፈሳሹ ውስጥ ጨምሮ መናጥ፣ ብረቱን እስኪይዝ ለሰዓታት ማቆየት፣ በሴንትሪፊውጅ አዙሮ ከላይ ያለውን መቅዳት። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፤ ብርጭቆ በጠንካራ አልካሊ ይበላና ያጸዳችሁትን መልሶ ያቆሽሻል።

ሌላው የተለመደ ወጥመድ፦ ኒኬል (ከሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ አንጻር ሲለካ) 1.4 ቮልት አካባቢ ራሱ ኦክሲዳይዝ ሲሆን ከረንት ይሰጣል። ያ ጉብታ ኦክስጅን አይደለም። ቮልቱን አንድ ቦታ አቁማችሁ ከረንቱ እስኪረጋ ጠብቁና ያኔ አንብቡ።

«ጥሩ ርካሽ አኖድ ለመሥራት ትልቅ ላብራቶሪ ይጠይቃል»

አይጠይቅም። ብረቱን በድብቅ ከማስገባት በግልጽ ማስገባት ነው። የኒኬል ፎም (እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ኒኬል) በ3 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ለ10 ደቂቃ ይታጠብ፤ ብዙ ከቆየ ፎሙ ራሱ ይሳሳል፣ አሲዱም አረንጓዴ ይሆናል። በውሃና በኤታኖል አለቅልቁት። በ100 ሚሊሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ 0.087 ግራም ኒኬል ናይትሬት ሄክሳሃይድሬትና 0.121 ግራም የብረት ናይትሬት ኖናሃይድሬት አሟሙ። ፎሙን ካቶድ አድርጋችሁ በብር/ብር ክሎራይድ ማነጻጸሪያ ኤሌክትሮድ ሲለካ ከዜሮ በታች 1.0 ቮልት ላይ ለ5 ደቂቃ አቆዩት። ናይትሬቱ ኤሌክትሮን ሲቀበል ከፎሙ አጠገብ ያለው ውሃ አልካላይን ይሆናል፣ ኒኬሉና ብረቱም በሃይድሮክሳይድ መልክ እዚያው ይለጠፋሉ። በቃ።

የሚበላሸው የት ነው? ፈሳሹ ትናንት ተዘጋጅቶ ቡናማ ዝቃጭ ከጣለ ይደፋ፤ ብረቱ ከፈሳሹ ወጥቷል። «ይወፍርለት» ተብሎ ግማሽ ሰዓት የተለበጠ ደግሞ በመጀመሪያው ብርቱ አረፋ ይላላጣል። ስፋቱንም ጠብቁ፦ ፎም እንደ ኩራዝ ክር ፈሳሹን ወደ ላይ ይመጥጣል፤ ከውሃው መስመር በላይ ኢፖክሲ ካልተቀባ አንድ ካሬ ሴንቲሜትር ያላችሁት ሁለት ሆኖ ይሠራል፣ ክሊፑም ይርስና መዳቡን ይለቃል።

«ስቴንለስ አይዝግም፤ ስለዚህ ለአኖድ ይሆናል»

ለካቶድ ይሁን። አኖድ ሲሆን ግን 304 የሚባለው 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ነው፤ በአልካሊ ውስጥ ቮልቱ ሲበረታበት ክሮሚየሙ ክሮሜት ሆኖ ይሟሟል። መጀመሪያ ላይ ገጹ ላይ የሚቀረው ኒኬልና ብረት ስለሆነ ሥራው የተሻሻለ ይመስላል፤ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። ውሃው ቢጫ ከሆነ ስድስት ቫለንሲ ክሮሚየም ነው፣ ካንሰር አምጪ። በባዶ እጅ አትንኩት፣ ፍሳሽ ውስጥም አትድፉት፤ ምንነቱ ተጽፎ በተለጠፈበት ፕላስቲክ ዕቃ አጠራቅማችሁ እንደ አደገኛ የላብራቶሪ ቆሻሻ አስወግዱት። ለአኖድ የኒኬል ቆርቆሮ ግዙ።

የእርሳስ ግራፋይትና የደረቅ ድንጋይ ካርቦንስ? ለአጭር ሙከራ ከማዶ ይቀመጣል እንጂ ለቋሚ አኖድ አይሆንም፤ ይቃጠላል፤ ውሃው ጠቁሮ ታዩታላችሁ።

«ጨው ጣል ብታደርግበት ይፈጥናል»

ይፈጥናል፣ ግን ከአኖዱ የሚወጣው ክሎሪን ይሆናል። መርዝ ነው። አታድርጉት።

ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ተጠቀሙ። ለ1 ሞላር በሊትር 56 ግራም ይባላል፤ የገበያው እንክብል ግን 15 በመቶ ገደማ ውሃ ስላለው 66 ግራም መዝኑ። እንክብሉን ወደ ውሃው በትንሽ በትንሹ ጨምሩ እንጂ ውሃውን እንክብሉ ላይ አትድፉ፤ ይፈላል። የዓይን መነጽር የግድ ነው። የአልሙኒየም ዕቃ በጭራሽ፦ አልካሊው አልሙኒየሙን በልቶ ያለ ምንም ኤሌክትሪክ ሃይድሮጅን ያወጣል። ለመሙያ የባትሪ ውሃ ይሆናል፤ የባትሪ አሲድ አይደለም፤ ሁለቱን ጠርሙስ እያምታቱ የሚያፈሱ አሉ።

«መብራት ሲጠፋ ያርፋል እንጂ አይጎዳም»

ይጎዳል። ብዙ ሴል በአንድ ፈሳሽ ሲያያዝ፣ ኃይሉ ድንገት ሲቋረጥ ከረንቱ ወደ ኋላ ይፈስና ካቶዱን ያዝገዋል። በፀሐይ ፓነል ወይም በሚቆራረጥ መብራት የሚሠራ ሰው በባትሪ ትንሽ መጠበቂያ ከረንት ያስቀምጥ፣ ወይም ፈሳሹን ያስወጣ።

«መኪናዬ በውሃ ይሄዳል»

አይሄድም።

«ሴሌ ከ100 በመቶ በላይ ይሠራል»

በተለይ ከአዲስ አበባ ይሰማል። ምክንያቱም አለው። 1 አምፔር በአንድ ሰዓት የሚያወጣው ሃይድሮጅን በመጽሐፍ ስሌት፣ ማለትም በዜሮ ዲግሪና በባሕር ጠለል ግፊት፣ 418 ሚሊሊትር ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በ25 ዲግሪ ውሃ ላይ ከተሰበሰበም ጋዙ ውስጥ የውሃ እንፋሎት አለ። ያው ሃይድሮጅን 630 ሚሊሊትር ገደማ ሆኖ ይታያል፤ በ418 ሲካፈል 150 በመቶ! ግፊቱን፣ ሙቀቱንና እንፋሎቱን አስገብታችሁ አስሉ። ከዚያ በኋላም ከ100 በላይ ከመጣ ኦክስጅኑ ከሃይድሮጅኑ ጋር እየተቀላቀለ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ በብልጭታ የሚፈነዳ ድብልቅ ነው። መለኪያውን ትታችሁ መጀመሪያ ኃይሉን አጥፉ፣ መስኮት ክፈቱ።