«ኦፕሬሲቭነስ» ምንድን ነው?

ባለፈው ግንቦት የእህቴ ልጅ የእንግሊዝኛ ደብተሩን ይዞ መጣ። 11ኛ ክፍል ነው። «አጎቴ፣ ‹ጨቋኝ ሙቀት› ይባላል እንዴ?» አለኝ። ‹ኦፕሬሲቭ ሂት› የሚለውን ተርጉሞ ነው።

ሰዓቱ ስምንት ገደማ ነበር። ቆርቆሮው ግሏል። ነፋስ የማያጣት አዳማ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስባትም። ሸሚዛችን ጀርባችን ላይ ተጣብቋል። «አሁን እኛን የያዘን ምንድን ነው?» አልኩት።

«ወበቅ!» አለ ወዲያው።

መልሱ እሱ ነው። ለአየር ሲሆን ‹ኦፕሬሲቭነስ› ማለት ሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ አላስተነፍስ ማለቱ ነው። ይህን ‹ወበቅ› አንድም ሳያስቀር ይይዘዋል።

የእንግሊዝኛው ቃል ከላቲን የመጣ ነው። መሠረቱ መጫን፣ መጭመቅ ነው። እኛ በየቀኑ የምንላቸው ‹ፕሬሸር› እና ‹ዲፕሬሽን› ወንድሞቹ ናቸው። መጨረሻ ላይ ያለው ‹ነስ› ደግሞ የእኛን ‹ነት› ይመስላል፤ ደግ፣ ደግነት እንደምንለው።

ታዲያ ‹ጨቋኝ› ለምን አልሆነም? ‹ጨቋኝ› በአማርኛ የራሱ ታሪክ አለው። ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው ከወጡበት ጊዜ እስከ 1966ቱ አብዮትና ከዚያም በኋላ፣ ‹ጨቋኝ› እና ‹ጭቁን› የአደባባይ ቃላት ነበሩ። ስንሰማው ባላባት፣ ገዥ፣ ሥርዓት ይታየናል። በዳይ አለበት። ሙቀት ግን በዳይ አይደለም።

ስለ አገዛዝ፣ ስለ ሕግ ወይም ስለ ግብር ሲሆን ‹ጨቋኝነት› በትክክል ይገባል። እዚህ ላይ ከ‹ጭቆና› መለየት ያስፈልጋል። ጭቆና የሚፈጸመው በደል ነው። ጨቋኝነት የሕጉ ወይም የገዥው ጠባይ ነው። አንድ ሕግ ገና ማንም ሳይቀጣበት ጨቋኝ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው አገባብ የመንፈስ ነው፤ እኔ በጣም የምወደውም ይህንኑ ነው። አባት ተቆጥቷል፣ እራት ቀርቧል፣ ማንም ቃል አይተነፍስም። እንግሊዝኛው የዚያን ዝምታ ክብደት ‹ኦፕሬሲቭነስ› ይለዋል። እኛ «ቤቱ ከበደኝ» እንላለን። ደግሞም ‹ተጫጫነኝ› አለን፦ እንቅልፍ ተጫጫነኝ፣ ሐሳብ ተጫጫነኝ። ‹ጫነ› ከሚለው የወጣ ስለሆነ ከላቲኑ ሥር ጋር በትርጉም ይገጥማል። በትርጉም ሥራ ላይ ይህን ቃል መርሳታችን ያሳዝነኛል።

ልጁ ‹ጨቋኝ ሙቀት› የሚለውን ሰርዞ እንዲህ ጻፈ፦ «ከሰዓት በኋላ ወበቁ ተጫጭኖን ማንም ከጥላው አልወጣም።»