ኦስቲዮፓቲ እና የጀርባ ሕመም

ኦስቲዮፓቲ አጥንትን፣ መገጣጠሚያን፣ ጡንቻንና ጅማትን በእጅ መርምሮ በእጅ የሚያክም የሕክምና ዘርፍ ነው። ሰዎች ወደ ባለሙያው በብዛት የሚሄዱት ጀርባቸውን፣ በተለይም ወገባቸውን ሲያማቸው ነው።

መሥራቹ አሜሪካዊው ሐኪም አንድሩ ቴይለር ስቲል (1828–1917) ናቸው። በልጅነታቸው ራስ ምታት ሲበረታባቸው፣ በሁለት ዛፎች መካከል የታሰረውን የዥዋዥዌ ገመድ ወደ መሬት ዝቅ አድርገው፣ ብርድ ልብስ ጣል አድርገውበትና አንገታቸውን አሳርፈውበት እንቅልፍ እንደወሰዳቸው፣ ሲነቁም ሕመሙ እንደለቀቃቸው ራሳቸው ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1864 ማጅራት ገትር ሦስት ልጆቻቸውን ነጠቃቸው። ካሎሜል (ከሜርኩሪ የሚሠራ መድኃኒት) እና ኦፒየም በሚታዘዝበት በዚያ ዘመን ሕክምና ላይ የነበራቸው እምነት ተሟጠጠ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1874፣ አዲሱን መንገዳቸውን ይፋ አደረጉ። ቤተሰባቸው ለመመሥረቻው መሬት የሰጠለት ቤከር ዩኒቨርሲቲ እንኳ ሐሳባቸውን እንዲያቀርቡ አልፈቀደላቸውም። እርሳቸው ግን ከከተማ ከተማ እየዞሩ፣ አንዳንዴም “መብረቁ ወጌሻ” በሚል ስም እየተዋወቁ ማከማቸውን ቀጠሉ። በ1892 ሚዙሪ ውስጥ በምትገኘው በከርክስቪል የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች መካከል ሴቶችም ነበሩበት፤ ለዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። የትምህርት ቤቱ ፈቃድ የተለመደውን የሕክምና ዲግሪ ለመስጠት ቢያስችላቸውም የራሳቸውን የኦስቲዮፓቲ ዲግሪ መረጡ።

ሙያውን ወደ ብሪታንያ የወሰዱት ጆን ማርቲን ሊትልጆን ሲሆኑ በ1917 ለንደን ላይ ትምህርት ቤት አቋቁመዋል።

የባለሙያው ሥልጣን እንደየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ የኦስቲዮፓቲ ምሩቅ መድኃኒት የሚያዝ፣ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሙሉ ሐኪም ነው። በብሪታንያ በ1993 በወጣው ሕግ መሠረት የሚመዘገብ የእጅ ሕክምና ባለሙያ እንጂ የሕክምና ዶክተር አይደለም። ፈረንሳይ ለሙያ ስሙ በ2002 በሕግ እውቅና ሰጥታለች።

አብዛኛው የወገብ ሕመም ተለይቶ የሚታወቅ አንድ መንስኤ የለውም። ምንም የማያማቸው ሰዎች ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያሳይ ምርመራ) ሲነሱም ያበጠ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለ ትራስ መሰል ክፍል) ይታያል፤ ስለዚህ ምስሉ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ኦስቲዮፓቱ እንግዲህ እንቅስቃሴን ያነባል። በሽተኛውን አቁሞ የትከሻና የዳሌውን ከፍታ ያስተያያል፣ ጎንበስና ዘወር ያስደርገዋል፣ ከዚያ አከርካሪውን አንድ በአንድ በጣቱ ይዳስሳል። ወገቡን ያመመው ሰው ዳሌው፣ የጎድን አጥንቱና አተነፋፈሱ ሳይቀር ይታያል። ይህ ትዕግሥት የሙያው ትልቁ ሀብት ነው።

ሕክምናው ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ ዘዴ በሽተኛው የባለሙያውን እጅ በቀስታ እንዲገፋ ያደርጋል፤ ለጥቂት ሰከንዶች ገፍቶ ሲለቅ ጡንቻው ይላላል፣ መገጣጠሚያው ከበፊቱ ትንሽ የበለጠ ይንቀሳቀሳል፣ ይህም ይደጋገማል። ሌላው ፈጣን አጭር ግፊት ነው። “ቋ” የሚለው ድምፅ በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ካለ ጋዝ የሚመጣ ነው እንጂ ወልቆ የነበረ አጥንት ቦታው መመለሱ አይደለም።

ማስረጃውን በተመለከተ፣ በ1999 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በኦስቲዮፓቲ የታከሙት ሰዎች ከተለመደው ሕክምና ጋር ተመሳሳይ መሻሻል እንዳገኙ፣ መድኃኒት ግን ያነሰ እንደተጠቀሙ አሳይቷል፤ ይህ የሚናቅ ውጤት አይደለም። በ2021 ፈረንሳይ ውስጥ 400 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ከማስመሰያ ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ያገኘው ልዩነት አነስተኛ ነበር። የብሪታንያ የ2016 መመሪያም የእጅ ሕክምናን የሚመክረው ከአካል እንቅስቃሴ ጋር ተጣምሮ ሲሰጥ ነው። የራስ ቅል አጥንቶችን ስውር እንቅስቃሴ እዳስሳለሁ የሚለው፣ ኦስቲዮፓቱ ዊልያም ሳዘርላንድ የጀመሩት ቅርንጫፍ ግን በሙያው ውስጥም አከራካሪ ነው፤ በጥናት አልተደገፈም።

ከታከሙ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን የሰውነት ቁርጥማት መሰማቱ የተለመደ ነው። ሽንት ሲያስቸግር ወይም ሲያመልጥ፣ በእግሮች መካከል ሲደነዝዝ፣ እግር ሲዝል፣ ወይም ሕመሙ ከትኩሳት፣ ያለምክንያት ከመክሳት፣ ከቀድሞ የካንሰር ታሪክ ወይም ከከባድ አደጋ ጋር ሲመጣ ግን እጅ ከማስነካት በፊት በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። አጥንቱ የሳሳ ሰው ላይም ፈጣኑ ግፊት መደረግ የለበትም።