የኤቢኤስ መብራት ሲበራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ዳሽቦርዱ ላይ ኤቢኤስ (ድንገት ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) የሚለው ቢጫ መብራት በርቶ ሲቀር ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። አንዱ «ቁም፣ ፍሬን የለህም» ይላል። ሌላው «ተወው፣ ምንም አይልህም» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። በዚህ ምክር ሰው የማያስፈልገውን ዕቃ ይገዛል፣ ወይም ችግሩን ይዞ ይነዳል። በጣም የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

«መብራቱ ከበራ ፍሬን የለም»

ፍሬኑ አለ። ቢጫው ብቻውን ሲበራ ኮምፒውተሩ ኤቢኤሱን ዘግቶታል ማለት ነው። ፔዳሉን ስትረግጡ የፍሬን ዘይቱ እንደ ወትሮው ይገፋል፣ መኪናው ይቆማል። የሌለው ነገር ድንገት ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥራ ነው። ርቀት ጠብቃችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ጋራዥ መድረስ ትችላላችሁ።

ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮ ከበራ ግን ቁሙ። የእጅ ፍሬኑ መለቀቁን እዩ፣ ዘይቱን እዩ። ዘይቱ ሙሉ ሆኖም ሁለቱም መብራቶች ከበሩ፣ በብዙ መኪኖች ላይ የፊትና የኋላ ፍሬኑን የሚያመጣጥነው ሥራም ቆሟል። ያኔ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ሊቆለፉና መኪናው ሊዞርባችሁ ይችላል። አስጎትቱት።

«ኮምፒውተሩ ሴንሰር ብሎ ከጠቆመ ሴንሰሩ ይቀየራል»

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ሲ0035 የሚለው ኮድ (ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው የብልሽት ቁጥር) በብዙ መኪኖች ላይ የግራ ፊት ጎማ የፍጥነት ሴንሰር መስመር ችግር አለበት ማለት ነው። ልብ በሉ፣ መስመሩ ነው የተባለው። መስመሩ ላይ ሴንሰሩ አለ፣ ሽቦው አለ፣ ሶኬቱ አለ። ከጎማው ጋር የሚዞር፣ ሴንሰሩ የሚያነበው ቀለበትም አለ።

አንድ ጊዜ የፊት ሴንሰሩ ሁለቴ ተቀይሮ መብራቱ እምቢ ያለ መኪና ገጠመኝ። ቁልፉን አጥፍተን የኤቢኤስ ኮምፒውተሩን ሶኬት ነቀልንና ከዚያ በኩል በቴስተር ለካን። መሪው ቀጥ ሲል 1100 ኦም አካባቢ ያነባል። መሪውን እስከ ጥግ ስናዞረው ንባቡ ድርግም ብሎ ጠፋ። ስናቃናው ተመለሰ። ሽቦው ከውጭ ሲያዩት ደህና ነበር። ላስቲኩን ስንገልጠው መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ተበጥሷል። ሽቦው ሲቃና ጫፎቹ ይነካካሉ፣ ሲታጠፍ ይለያያሉ። ሁለቱም የተጣሉት ሴንሰሮች ደህና ነበሩ።

ቀለበቱም እንደዚሁ ይደበቃል። ጥርስ ያለው ከሆነ ይዝጋል፣ ይሰነጠቃል፤ ጎማው በዞረ ቁጥር አንዴ የተሳሳተ ምልክት ይልካል። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ ደግሞ ቀለበቱ ማግኔት ሆኖ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ውስጥ ተቀብሯል። ኩሽኔታው በተገላቢጦሽ ከተገጠመ ሴንሰሩ ምንም አያነብም። ኩሽኔታ ባስቀየራችሁ ማግስት መብራቱ ከበራ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት እሱን ይሁን።

«ሴንሰር ሁሉ በኦም ይለካል»

የድሮው ዓይነት አዎ። ብዙውን ጊዜ ከ1000 እስከ 2000 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ጎማውን በእጅ ስታዞሩትም ትንሽ ተለዋዋጭ ቮልት ያመነጫል። አዲሱ ዓይነት ግን ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ነው። በኦም ስትለኩት የሚነግራችሁ ነገር የለም፣ ሊበላሽም ይችላል። እሱ ላይ የሚታየው የሚደርሰው ቮልት ነው። ከዚያ የኤቢኤስ ክፍሉን የሚያነብ ስካነር ሰክታችሁ ቀጥ ባለ መንገድ ቀስ ብላችሁ ንዱ። አራቱም ጎማዎች ተቀራራቢ ፍጥነት ማሳየት አለባቸው። ሦስቱ 20 እያሉ አንዱ ዜሮ ካለ ጎማው ተገኘ። ስካነሩን ሌላ ሰው ይያዝላችሁ። ርካሹ ኮድ ማንበቢያ ብዙ ጊዜ ሞተሩን ብቻ ስለሚያነብ፣ «ኮድ የለም» ሲል አትመኑት።

«ፔዳሉ ከተርገፈገፈ ተበላሽቷል»

በሚያንሸራትት መንገድ ላይ መርገፍገፉ ሥራው ነው፤ እግራችሁን አታንሱ፣ ደጋግማችሁም አትርገጡ። በደረቅ አስፋልት ላይ፣ መኪናው ሊቆም ሲል በቀስታ ከተርገፈገፈ ግን ብልሽት ነው። መብራት ላይበራ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ከሴንሰሩ ሥር የበቀለ ዝገት ከቀለበቱ አርቆት ምልክቱ ይዳከማል። ኮምፒውተሩም ጎማው የተቆለፈ ይመስለውና ፍሬኑን ይለቃል። የሴንሰሩን መቀመጫ ፍቆ ማጽዳት ብቻ የሚያድነው ጊዜ ብዙ ነው።

«ኤቢኤስ ካለ መኪናው ባጭሩ ይቆማል»

ሁልጊዜ አይደለም። በ1978 ቦሽ መርሰዲስ ኤስ ክላስ ላይ ይዞት ሲመጣ ትልቁ ነገር ፍሬን ተይዞም መሪ መታዘዙ ነበር። ጠጠር ላይ እንዲያውም የመቆሚያ ርቀቱ ሊረዝም ይችላል። ጠጠር ላይ ረዘመብኝ ብላችሁ ጤነኛ ዕቃ እንዳታስፈቱ።

«ባትሪ ፈትቶ ማሰር፣ ወይም ፊውዙን መንቀል ይበቃል»

ባትሪ መፍታት ችግሩን አይነካውም፤ መብራቱ ቢጠፋ እንኳ ተመልሶ ይመጣል። ፊውዝ መንቀል ደግሞ ኤቢኤሱን በገዛ እጅ መግደል ነው። ይህን የሚመክራችሁን አትስሙ።

«የማይገኝ ችግር ከሆነ የኤቢኤሱ ፓምፕና ኮምፒውተር ነው»

ይህ የመጨረሻው ጥርጣሬ ይሁን። መጀመሪያ ባትሪውን ለኩ፦ ሞተር ጠፍቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሲሠራ 14 አካባቢ። የደከመ ባትሪና የላላ የቦዲ ሽቦ (ባትሪውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው) ብዙ ጤነኛ ኮምፒውተር አስወቅሰዋል። እውነትም እሱ ከሆነ አዲሱ በብዙ መኪኖች ላይ ፕሮግራም ካልተደረገለት አይሠራም። ውስጡ የቀረውን አየር ለማውጣትም ብዙ ጊዜ ስካነሩ ፓምፑን እንዲያሽከረክረው ማድረግ ያስፈልጋል። ያኔ ፔዳል ብቻ እየረገጡ ማስወጣት አይበቃም፤ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይቀራል።

ከጥገናው በኋላ መብራቱ ቶሎ ባይጠፋ አትደንግጡ። ብዙ መኪኖች ጎማዎቹ ዞረው ምልክቱን እስኪያዩ ይጠብቃሉ። ፔዳሉ ጠንካራ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ባዶ ቦታ ላይ ትንሽ ንዱና ኮዱ አለመመለሱን በስካነር እዩ።