ከኮሎኖስኮፒ በፊት ያለችው ሌሊት፦ ስለ አንጀት ዝግጅት

ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም የትልቁ አንጀት የካሜራ ምርመራ፣ የተደረገለትን ሰው "እንዴት ነበር?" ብላችሁ ጠይቁት። ስለ ምርመራው ብዙም የሚለው የለውም፤ ማደንዘዣ ወስዶ ተኝቶ ነበር። የሚያወራላችሁ ስለ ዋዜማው ሌሊት ነው። ጨው ጨው ስለሚለው ፈሳሽ፣ ስለ ሽንት ቤቱ ምልልስ። ለብዙ ሰው የሚሰጠው መመሪያ አንድ ገጽ ወረቀት ስለሆነ ነገሩን ሰፋ አድርጎ ማየቱ አይከፋም።

የአንጀት ዝግጅት ማለት ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ በፊንጢጣ ገብቶ ትልቁን አንጀት ከማየቱ በፊት አንጀቱን ከሰገራ ባዶ ማድረግ ነው። ሐኪሙ ከሚፈልጋቸው ነገሮች ዋናው ፖሊፕ ነው፤ አንዳንዱ ውሎ አድሮ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ትርፍ ሥጋ። አንዳንዱ ፖሊፕ ጠፍጣፋና ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ስስ ቆሻሻ ከተጋረደበት ማንም አያየውም። ጥናቶች እንደሚሉት እስከ ሩብ የሚደርሱ ምርመራዎች ላይ ዝግጅቱ በቂ ሆኖ አይገኝም። ያ ማለት ብዙ ጊዜ ቀጠሮ መድገም ነው፣ ሌሊቱንም ጭምር።

በታሪኩ እንጀምር። ሐኪሞቹ ዊሊያም ዎልፍና ሂሮሚ ሺንያ እ.ኤ.አ. በ1969 ኒው ዮርክ ውስጥ በኮሎኖስኮፕ ፖሊፕ ቆርጠው ማውጣት ጀመሩ። ቀዳሚነቱን ሁሉ ለእነሱ መስጠት ግን ያከራክራል፤ ጃፓን ውስጥም በዚያው ሰሞን ብዙ እየተሠራ ነበር። የዚያን ጊዜ ዝግጅት የጉሎ ዘይት፣ ለቀናት ፈሳሽ ብቻ መውሰድና ከታች በኩል መታጠብ ነበር።

በ1970ዎቹ ጨዋማ ውኃ ከላይ ወደ ሆድ ማፍሰስ መጣ። ከ7 እስከ 12 ሊትር፣ ብዙ ጊዜም በአፍንጫ በገባ ቱቦ። ያጸዳል፣ ክፋቱ ሰውነት ጨውንና ውኃውን ይመጠዋል። ልቡ ወይም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው አደጋ ነው። ማኒቶል የሚባለው ስኳር መሰል ነገርም ተሞከረ። የአንጀት ባክቴሪያዎች ማኒቶልን ሲያብላሉት የሚቀጣጠል ጋዝ ይፈጠራል፤ ፖሊፕ ደግሞ የሚቆረጠው በኤሌክትሪክ ነበር። በ1979 በዚሁ ምክንያት ሞት ያስከተለ ፍንዳታ በሕክምና መጽሔት ወጣ።

ነገሩን የቀየረው 1980 ነው። እውነቱን ለመናገር ከዚህ ታሪክ ውስጥ የምወደው ክፍል ይህ ነው። አሜሪካ፣ ዳላስ ውስጥ ሐኪሙ ጆን ፎርድትራንና ባልደረቦቹ አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አነሡ፦ አንጀት የማይመጠው፣ ከሰውነትም ምንም የማይስብ ፈሳሽ መሥራት ይቻላል? ፖሊኢትሊን ግላይኮልን መረጡ። ትልቅ ሞለኪውል ስለሆነ በአንጀት ግድግዳ አያልፍም ማለት ይቻላል፤ ውኃውንም ይዞት ይቀራል። በፈሳሹ ያለውን ሶዲየም በአብዛኛው በሰልፌት (ድኝ ባለበት ጨው) መልክ አደረጉት፣ ሰልፌት በቀላሉ ስለማይመጠጥ ሶዲየሙም አብሮት ይቀራል። የተጠጣው እንዳለ ይወጣል፣ መንገዱን እያጠበ። የሰውነት ጨው ብዙም ሳይዛባ 4 ሊትር መጠጣት ተቻለ። የተበላሸ እንቁላል የሚመስለው ሽታ የመጣው ከዚያው ከሰልፌቱ ነው። በኋላ ያለ ሰልፌት የተሠራው ዓይነት ለመጠጣት ይሻላል።

ቀጥሎ ሶዲየም ፎስፌት የሚባል ሌላ የአንጀት ማጽጃ ጨው በመጠኑ ትንሽነት ተወደደ። አንዳንድ ሰው ላይ ኩላሊት መጉዳቱ ታወቀና በ2008 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አወጣበት። ከዚያ ወዲህ የ2 ሊትሩ፣ የ1 ሊትሩ፣ የክኒኑም ዝግጅት መጥቷል። የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር አላለቀም።

እኔን ብትጠይቁኝ ከመድኃኒቱ ዓይነት ይልቅ ሰዓቱ ይበልጣል። ድሮ ሁሉም በዋዜማው ምሽት ይጠጣ ነበር። ሆኖም ትንሹ አንጀት ሌሊቱን ሙሉ ሥራ አያቆምም፤ ሐሞት የተቀላቀለበት ወፍራም ፈሳሽ ወደ ትልቁ አንጀት ይልካል፣ ያም በቀኝ በኩል ያለውን ግድግዳ ይለጥፈዋል። ጠፍጣፋ ፖሊፕ የሚበዛው ደግሞ እዚያው ነው። ስለዚህ ግማሹ ማታ፣ ግማሹ ከምርመራው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ ይጠጣል፤ ቢያንስ 2 ሰዓት ሲቀረው ይጠናቀቃል። ጧት 2 ሰዓት ቀጠሮ ያለው ሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይነሣል ማለት ነው። ያስጠላል፣ አውቃለሁ። ግን የአሜሪካም የአውሮፓም መመሪያዎች በዚህ ይስማማሉ። ከሰዓት በኋላ የተቀጠረ ሰው ሁሉንም በዕለቱ ጧት መጠጣት ይችላል።

ምቾት የሚባለው ነገር ቅንጦት አይደለም። ጠጥቶ ያልጨረሰ ሰው አልጸዳም። ፈሳሹን ቀደም ብሎ በጥብጦ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ጣዕሙን ያደበዝዘዋል። በስትሮ ወደ ምላስ ኋላ መሳብም ይረዳል። አንድ ብርጭቆ፣ ሩብ ሊትር ገደማ፣ በየ10 ወይም 15 ደቂቃው። ካቅለሸለሸ ግማሽ ሰዓት አርፎ መቀጠል እንጂ መተው የለም። ሊትሮች ቀዝቃዛ ነገር የጠጣ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ብርድ ልብስ አጠገብ ይኑር። መቀመጫው ሳይላጥ፣ ከመጀመሪያው ምልልስ በፊት ቫዝሊን መቀባት ነው፤ በወረቀት ከመፈግፈግ በውኃ መታጠብ ይሻላል። ይህን ምክር ወረቀቱ ላይ አታገኙትም፣ የኢንዶስኮፒ (በካሜራ ቱቦ የሚደረግ ምርመራ) ክፍል ነርሶች ግን ለስንቱ እንደነገሩት! ለዚህ ሥራ ከማንም በላይ የደከሙት እነሱ ናቸው።

ምግቡ ላይ የድሮው ጥብቅነት ላልቷል። የተለየ ችግር ለሌለበት ሰው በዋዜማው ቀን ብቻ ቀለል ያለ፣ አሰር (ፋይበር) ያነሰው ምግብ ይበቃል፦ ነጭ ዳቦ፣ ሩዝ፣ እንቁላል። ፍሬና ጥሬ አትክልት አይሆንም። ቀይና ሐምራዊ መጠጥም ይቅር፣ ደም ይመስላል። የብረት ክኒን ከቀናት በፊት ይቆማል። የስኳርና የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ግን በራስ ውሳኔ አይነካም፤ ሐኪሙ ይወስን። ሆድ ድርቀት ያለበት፣ ወይም ባለፈው ዝግጅቱ ያልተሳካለት ሰው ቀድሞ ቢናገር ጠንከር ያለ ዝግጅት ይታዘዝለታል። በምርመራው ጊዜ ደግሞ አንጀቱ በአየር ፈንታ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ከተነፋ፣ በኋላ የሚመጣው የሆድ መነፋት ይቀንሳል።

ውጤቱ የሚለካው ብዙ ጊዜ በቦስተን መለኪያ ነው። አንጀቱ በ3 ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ክፍል ከ0 እስከ 3 ያገኛል። ሁሉም ክፍል ቢያንስ 2 ካገኘ በቂ ነው።

ለሕመምተኛው ግን ከዚህ የቀለለ መለኪያ አለ። ጧት ነርሷ ትጠይቃለች፦ "መጨረሻ ላይ የወጣው ምን ይመስል ነበር?"

"ሻይ።"

"ሻይ ነው ወይስ ሽንት?"

ሽንት የመሰለ፣ ቢጫና ጥርት ያለ ከሆነ ልብሱን ይቀይራል። ሻይ ከሆነ ለሐኪሙ ይነገርና ተጨማሪ ይጠጣ ወይስ ይታጠብ የሚለው ይወሰናል፣ አልጋው ላይ ሳይወጣ።