ስለ አሮጌ ከባድ የጭነት መኪና የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ፊያት 682 በጣሊያን መመረት የጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሾፌሮቻችን «ኤንትሬ» የሚሉት ሞዴሉ እስከ ዛሬም ጭነት ሲያመላልስ ይታያል። ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ አሮጌ መኪና መግዛት የሚያስብ ሰው ከደላላም ከጋራዥም የሚሰማቸው አንዳንድ አባባሎች ገንዘቡን፣ አንዳንዶቹም ሕይወቱን የሚያስከፍሉ ናቸው።

«ጥቁር ጭስ የሚያወጣ ሞተር አልቆለታል» ይባላል። ሁልጊዜ አይደለም። ከተማዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር የሚያገኘው አየር በባሕር ወለል ደረጃ ከሚያገኘው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ፖምፓው (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ክፍል) ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ናፍጣው ስለሚበዛ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ መታየቱ አይቀርም። ይልቅ የሚያሳስበው ዘይት መቃጠሉን የሚናገረው ሰማያዊ ጭስ ነው፤ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት በግፊት የሚተነፍስ ከሆነም ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል ማለት ነው። ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀዎት፣ ሌላ ቀን ማለዳ ሳይነሳ ቢያዩት ይሻላል።

ከሁሉ ይበልጥ ሥር የሰደደው ግን «ወደ መተማ ቆላ የሚወርድ መኪና ቴርሞስታቱ መውጣት አለበት» የሚለው ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት እስኪያገኝ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ያግዳል፤ ከዚያ በኋላ ተከፍቶ ያሳልፋል። ከወጣ ሞተሩ በደጋው ብርድ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ይሠራል፣ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ፋሻውም ያለ ጊዜው ያልቃል። በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የውስጥ ማለፊያውን ስለሚዘጋ፣ እሱ በሌለበት የጋለው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፤ መድኃኒት የተባለው ራሱ ሙቀት ይጨምራል ማለት ነው። የሙቀቱ መንስኤ በአብዛኛው የተደፈነ ራዲያተር፣ የላላ ቺንጋ (ቀበቶ) ወይም ማንም ልብ የማይለው የራዲያተር ክዳን ነው። በጎንደር ከፍታ ውሃ በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ግፊት ይዞ መፍያውን ከፍ የሚያደርገው ክዳን ላስቲኩ ካለቀ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖም ውሃው ይገነፍላል። በጨርቅ የተጠቀጠቀ ክዳን ያየ ገዢ ስለ ቀሪው አያያዝም ብዙ ተረድቷል።

«የተበየደ ቴላዮ (መኪናውን የሚሸከመው የብረት አጽም) ከበፊቱ ይጠነክራል» የሚለውም አያስኬድም። የብየዳው እሳት በዙሪያው ያለውን ብረት ስለሚያዳክመው፣ ቀጣዩ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከብየዳው ጠርዝ ነው። ከካቢናው ኋላና ባሌስትራው (ክብደቱን የሚሸከመው ተጣጣፊ ብረት) በሚታሰርበት አካባቢ አዲስ ቀለም ብቻውን ከታየ በፋኖስም ቢሆን በርብሮ ማየት ይገባል። እግረ መንገድዎንም ቴላዮው ላይ የተመታውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ።

በመጨረሻም «ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ ነዳጅ ይቆጥባል» የሚሉ አሉ። በእነዚህ ሞተሮች መኪናው በማርሽ ሲወርድ፣ ነዳጅ መስጫው እስካልተረገጠ ድረስ፣ ፖምፓው ናፍጣውን ይቆርጣል፤ በዜሮ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ መቃጠሉ ይቀጥላል። ስለዚህ ቁጠባ የተባለው ነገር የለም። ከደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን ጭኖ የሚወርድ ሾፌር መኪናውን በፍሬን ብቻ ከያዘ የፍሬን ሸራው ግሎ መያዝ ይሳነዋል፤ ከባዱን ማርሽ ማስገባት የሚገባውም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው።