የሴቶች ሽንት ማምለጥ ቀዶ ሕክምናና ከፊስቱላ ጥገና በኋላ ያለው የኢትዮጵያ ልምድ

አንዲት ሴት ስታስል፣ ስታስነጥስ፣ ስትስቅ ወይም ከባድ ነገር ስታነሳ በሆድ ውስጥ በሚፈጠረው ጫና ሳትፈልግ ሽንቷ ሊያመልጣት ይችላል። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የሽንት ቧንቧውን ከሥር ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎችና ጅማቶች መላላት ወይም የቧንቧው መዝጊያ ጡንቻ መድከም ሲሆን፣ ተደጋጋሚ ወሊድ፣ የተራዘመ ምጥ፣ የዕድሜ መግፋትና ከመጠን ያለፈ ውፍረት ከአጋላጭ ምክንያቶች መካከል ይጠቀሳሉ። ሕክምናው ከቀዶ ጥገና አይጀምርም፤ አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቀው የዳሌ ወለል ጡንቻ ማጠናከሪያ እንቅስቃሴ ዛሬም ይቀድማል።

የቀዶ ሕክምናው ታሪክ ሁለት መንገዶችን ተከትሏል። አንደኛው የፊኛውን አንገት በስፌት ወደ ላይ ማንጠልጠል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1949 ማርሻል፣ ማርኬቲና ክራንትዝ ስፌቱን ከብልት አጥንቱ ሽፋን ጋር ሲያያይዙት፣ ጆን በርች ደግሞ በ1961 ይበልጥ ጠንካራ ወደሆነ ጅማት አዛወረው። ሁለተኛው ከራሷ ከታካሚዋ የሆድ ግድግዳ የተወሰደ ቀጭን ሽፋን በሽንት ቧንቧው ሥር እንደ መቀነት አሳልፎ መደገፍ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1942 አልድሪጅ ይህን ዘዴ አቅርቧል። በአሜሪካ 655 ሴቶች የተሳተፉበትና በ2007 የታተመ ጥናት ሁለቱን ሲያነጻጽር መቀነቱ የተሻለ ውጤት ማስገኘቱን አሳይቷል፤ ነገር ግን መቀነት የተሠራላቸው ሴቶች በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ሽንት ለመሽናት በመቸገር ይበልጥ ተጠቅተዋል።

ስዊድናዊው ኡልፍ ኡልምስተን እ.ኤ.አ. በ1996 ከሰው ሠራሽ መረብ የተሠራ መቀነት በአካባቢ ማደንዘዣ ብቻ ማስገባት እንደሚቻል ካሳየ በኋላ ሙያው ተለወጠ፤ በ2001 ፈረንሳዊው ኤማኑኤል ዴሎርም መረቡ በጭን በኩል እንዲያልፍ አደረገ። መረቡ ለብዙዎች ጠቅሟል፤ አንዳንዶቹ ሴቶች ላይ ግን የብልት ግድግዳን በስቶ በመውጣትና ዘላቂ ሕመም በማስከተል ብርቱ ቅሬታ አስነስቷል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 አገልግሎቱን በጊዜያዊነት አቆመች። አሜሪካ በ2019 ከገበያ እንዲወጣ ያዘዘችው ለማህፀን መውረድ ሕክምና በብልት በኩል የሚገባውን መረብ እንጂ ለሽንት ማምለጥ የሚውለውን መቀነት አለመሆኑን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ የችግሩ እጅግ ከባድ መልክ የሚታየው ፊስቱላ (በተራዘመ ምጥ ምክንያት በፊኛና በብልት መካከል የሚፈጠር ቀዳዳ) በተጠገነላቸው እናቶች ላይ ነው፤ በዚህ ረገድ አገሪቱ ለዓለም ያበረከተችው ዕውቀት ከፍ ያለ ነው። አውስትራሊያዊቷ ዶ/ር ካትሪን ሐምሊንና ኒውዚላንዳዊው ባለቤታቸው ዶ/ር ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ለማገልገል ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ በ1974 ደግሞ ለፊስቱላ ሕሙማን ብቻ የሚያገለግለውን የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ከፈቱ። ሆስፒታሉ በኋላ በባሕር ዳር፣ በመቐለ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ማዕከላትን አቋቁሞ፣ ከተመሠረተ ጀምሮ ከ60,000 በላይ ሴቶችን በነፃ አክሟል። ራሳቸው ታካሚ ሆነው የመጡት ማሚቱ ጋሼ መደበኛ የሕክምና ትምህርት ሳይማሩ በቀዶ ጥገና ክፍሉ ውስጥ ሠልጥነው የታወቁ የፊስቱላ ቀዶ ጥገና ባለሙያ ለመሆን መብቃታቸው የተቋሙን መንፈስ ከማንኛውም ነገር በላይ ይገልጻል።

ለቀናት በተራዘመ ምጥ የሕፃኑ ጭንቅላት ፊኛውንና የሽንት ቧንቧውን ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ሲይዛቸው፣ ደም ያልደረሰው የሰውነት ክፍል ይሞትና ቀዳዳ ይፈጠራል። ሐኪሙ ቀዳዳውን ሊዘጋው ይችላል፤ የሞተውን አካል ግን አይመልሰውም። ስለዚህ የመዝጊያው ጡንቻ አብሮ ከጠፋ፣ ቧንቧው ካጠረ ወይም ፊኛው ከጠበበ፣ ስፌቱ በሚገባ ይዞም ቢሆን እናቲቱ ቆማ ስትራመድ ሽንቷ ይፈስሳል። ይህ ችግር እንደየጥናቱ ከስድስት ታካሚዎች አንዷን፣ አንዳንዴም ከሦስት አንዷን እንደሚያጋጥም ተዘግቧል። ጥገናው ከሽፎ ይሁን ወይስ ሽንቱ በቧንቧው በኩል የሚመጣ ለመለየት ፊኛውን በሰማያዊ ቀለም ሞልቶ ፈሳሹ በየት በኩል እንደሚወጣ መመልከት የተለመደ ነው።

አደጋውን አስቀድሞ ለመገመት በሰፊው የሚያገለግለው አውስትራሊያዊቷ ዶ/ር ጁዲት ጎ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ምደባ ነው። ምደባው ቀዳዳው ከሽንት ቧንቧው መውጫ ያለውን ርቀት፣ ስፋቱንና የጠባሳውን ብዛት ይመዝናል፤ ርቀቱ ባነሰ ቁጥር፣ በተለይም ከ1.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆን፣ ሽንት የመቆጣጠሩ ተስፋ ይቀንሳል። በባሕር ዳር የሠሩት ዶ/ር አንድሩ ብራውኒንግ ደግሞ ቀዳዳው በሚጠገንበት በዚያው ጊዜ ከሁለቱም ጎን የተረፈውን የዳሌ ወለል ጡንቻ ከነሽፋኑ አምጥቶ በቧንቧው ሥር መስፋት በኋላ የሚቀረውን ማምለጥ እንደሚቀንስ በ2004 አሳትመዋል። ዘዴው ብልህ ነው፤ ከታካሚዋ ገላ በቀር ምንም ዕቃ አይጠይቅም። ሁሉም ሐኪሞች ግን በአንድ ጊዜ መሥራቱን አይመርጡም፤ ቁስሉ ደርቆ ፊኛው ሥራውን እስኪለምድ ወራት ጠብቀው ሁለተኛውን ቀዶ ጥገና የሚያካሂዱ አሉ። ሰው ሠራሽ መረብ በጠባሳ በተሞላና ደም በሚያንሰው ገላ ውስጥ በስቶ የመውጣት ዕድሉ ከፍተኛ በመሆኑ በእነዚህ እናቶች ላይ መጠቀም አይገባም።

የፊዚዮቴራፒ ሥልጠና ጎን ለጎን ይሰጣል። ቀዶ ጥገና ላልረዳቸው የሽንት ቧንቧ መሰኪያ በኢትዮጵያ ተሞክሯል፤ ፊኛቸው ጨርሶ ለጠፋባቸው ደግሞ ሽንቱን ወደ አንጀት ወይም ሆድ ላይ ወደሚለጠፍ ከረጢት የማዞር ቀዶ ጥገና ይደረጋል። የዕድሜ ልክ ክትትል ለሚያስፈልጋቸው እነዚህ ሴቶች ሲባል ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ደስታ መንደር ተቋቁሟል። የተጠገነች እናት ዳግም ስታረግዝ በምጥ እንዳትወልድና በኦፕራሲዮን እንድትገላገል ቀኗ ሳይደርስ ወደ ሆስፒታል እንድትመጣ ይነገራታል፤ ሌላ የተራዘመ ምጥ የዳነውን ስፌት ሊበጥሰው ይችላልና።