የስርጭት መብት ምንድን ነው?

አዳማ ውስጥ የውጭ ድራማ ወዳጆች ማኪያቶ ይዘው ከተቀመጡ ወሬው የት እንደሚደርስ አውቃለሁ። «ድራማው እዛ አገሩ ካለቀ ቆየ፣ ባለቤቶቹ እኛን ሆን ብለው ነው የሚያስጠብቁን።» ከዚያ አንዱ ይጨምርበታል፦ «መብቱ የነሱ አይደል? ከፈለጉ ነገ ይለቁታል።» ወንድሜ፣ ነገ አይለቁትም። ቢፈልጉም አይችሉም።

ሥራዬ የውጭ ድራማ ላይ የአማርኛ ድምፅ ማስገባት ነው። ስለዚህ ይቺ «መብቱ የነሱ» የምትባል ነገር ታናድደኛለች። የስርጭት መብት፣ ማለትም ድራማውን ለሕዝብ የማሳየት ፈቃድ፣ ተቆራርጦ ነው የሚሸጠው፤ በአገር፣ በቋንቋ፣ በጊዜ፣ ደግሞም በቴሌቪዥን ወይም በኢንተርኔት እየተባለ። ብዙ ክፍል ያለው ግቢ ማለት ነው። ባለቤቱ የመንገድ ዳሩን ሱቅ ለአንዱ፣ ሰርቪሱን ለሌላው አከራይቷል። ውሉ እስኪያልቅ እሱ ራሱ ሰርቪሱ ውስጥ አልጋ ማስገባት አይችልም። ተከራዩ ቆልፎ ቢጠፋም ኪራዩን እስከከፈለ ድረስ ክፍሉ የሱ ነው። «ደበቁብን» የምትሉት ብዙ ጊዜ ይሄንን የተቆለፈ ክፍል ነው፤ ገዝቶ የሚመቸውን ሰዓት የሚጠብቅ ጣቢያ አለ። አንዳንዱ እንዲያውም «ግቢው ውስጥ ሌላ ሱቅ እንዳይከፈት» ብሎ ያስፈርማል፤ ሌላ ጣቢያ እንዳያሳየው ማለት ነው። በመሃል ደላላም አለ፣ አከፋፋይ ይባላል።

በኢንተርኔት ፊልምና ድራማ የሚያሳየው ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ፈረንሳይ ሲገባ፣ ስሙን ያስጠራለትን «ሀውስ ኦፍ ካርድስ» እዚያ ማሳየት አልቻለም። የፈረንሳዩ መብት ቀድሞ ካናል ፕሉስ ለሚባል የአገሩ የቴሌቪዥን ጣቢያ ተሸጦ ነበር። «የራሴ ነው» ብሎ ያስተዋወቀውን ድራማ!

«ትርጉም ስለሚፈጅ ነው» የሚሉም አሉ። እኛን ማማት ቀላል ነው። «ዳውንተን አቢ» የሚባለው የእንግሊዝ ድራማ እንግሊዝ ውስጥ መስከረም ላይ ይጀምርና አሜሪካ የሚደርሰው ጥር ላይ ነበር። ቋንቋው ያው እንግሊዝኛ ነው። እዚያ ያሳየው የአሜሪካው ጣቢያ ፒቢኤስ፣ ትልልቆቹ ጣቢያዎች በመከር አዲስ ፕሮግራም ሲያወርዱ መጋፋት ስላልፈለገ ነው የቆየው።

እኛ ድምፅ አስገቢዎቹ ጋ የሚዘገይበት ምክንያት ግን ጭራሽ የለም አልልም። ንግግሩ ወጥቶለት ሙዚቃውና ሌላው ድምፅ ብቻ ያለበት ቅጂ ካልተላከልን፣ የበር መንኳኳቱንና የእግር ኮቴውን ሁሉ እንደ አዲስ መሥራት አለብን። የሙዚቃው ፈቃድ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ጣጣ ነው። በግርጌ ጽሑፍ የማሳየት መብት ያለው ሁሉ ድምፅ የማስገባት መብት አለው ማለትም አይደለም።

ሳትጠይቁኝ አንድ ልጨምር። የቱርክ ድራማ እዛው አገሩ አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ገደማ ይሄዳል፣ ከዚያም ያልፋል። ለውጭ ሲሸጥ ወደ 45 ደቂቃ ይቆራረጣል። እዛ በ30 ክፍል ያለቀው እኛ ጋ 80 ሊያልፍ ይችላል። ፍላሽ ላይ የቱርኩን አስጭኖ የጨረሰው ሰው «ጎትተው አራዘሙት» የሚለን ለዚህ ነው። አንዲት ደቂቃ አልጨመርንም።